የድንኳናችን ቦታ መንገዱ ላይ ነው

መንገዱን እኔም ሠርቼዋለሁ። በመኪና ሽው ብሎ የሚያልፍ ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ቅር አይለኝም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ሱቄ ፊት ሲደርስ፣ ንጣፉ ላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ አሥራ ሁለት ትንንሽ የብረት ክዳኖች አይቶ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ከጠየቀ፣ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ እንዲመልሱለት አልፈልግም። እነሱ አሳጥረው ይነግሩታል፤ እኔ ደግሞ የታገልኩበት ነገር ሲያጥር አልወድም።

ሥራዬ ሸራ መስፋት ነው። ከአባቴ ነው የተማርኩት። አባቴ ከአባቱ የወረሰው ሱቁን እንጂ ሙያውን አይደለም፤ አያቴ በዚያ ሱቅ አቡጀዲና ሻሽ ይሸጥ ነበር። አባቴ የጭነት መኪናው እየበዛ ሲመጣ አየና "ልብሱንስ ሰው ከየትም ይገዛል፤ ሸራውን ማን ይሰፋለታል?" ብሎ የስፌት ማኪና ገዛ። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዛሪማ፣ ወደ አዲ አርቃይ የሚሄድ የጭነት መኪና ሸራው ሲቀደድበት ወደ እኛ ይመጣል። የሰርግና የለቅሶ ድንኳንም እንሰፋለን። በጥምቀት ሰሞን ቀሐ ወንዝ ዳር ለእንግዳ ከሚተከለው ድንኳን ብዙው በአባቴ እጅ ያለፈ ነው። ሙስሊም መሆናችንን ጉዳዬ ያለ ደንበኛ አላየሁም፤ ሰው የሚጠይቀን ድንኳኑ እንዳያፈስ ብቻ ነበር። የአባቴ ድንኳን ደግሞ አያፈስም። ይህን አፉን ሞልቶ ይናገር ነበር፤ እውነትም ነበር።

አባቴ በሜትር ለክቶ አያውቅም። የሚለካው በክንዱ ነው፤ ክንዱ ደግሞ አጭር ነበረች። ነገሩን ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁታል። ገበያ ላይ ሸማ ሲገዛ እንደሚደረገው፣ ከመካከላቸው ረጅሙን መርጠው ይዘውት ይመጡና "በዚህ ሰውዬ ክንድ ይለካልን" ይላሉ። አባቴ ቱግ ይላል። "ሸራው የእኔ ነው፤ ክንዱም የእኔ ይሆናል!" ከአዲ አርቃይ የሚመላለስ አንድ ሾፌር ነበረ፤ እሱ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለችው። "ምነው አያ፣ ይኸ ክንድ በየክረምቱ እየገባ ነው እንዴ?" ይሳሳቃሉ፤ በመጨረሻ በአባቴ ክንድ ይለካና ስንዝር ይመረቃል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያች ክንድ ስቄ አልጠግብም ነበር። ይህችን ክንድ አስታውሱልኝ፤ ቆይታ ትመጣለች።

የሰፈራችን እድር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። ድንኳን የማውቅ እኔ ስለሆንኩ የዕቃ ቤት ኃላፊ አደረጉኝ፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ትልቁ ድንኳን የሚቀመጡት በሱቄ ጓሮ ነው። ድንኳኑን የሰፋው አባቴ ነው።

በድሮው መንገድ ሰው ሲሞት ድንኳኑ ከበራችን ጀምሮ አስፋልቱን እስከ ግማሽ ይይዛል። ካስማው በትልቅ መዶሻ አስፋልቱን በስቶ ይገባል። ከብዙ ዓመት ብዛት ቀዳዳዎቹ ስለሚታወቁ አዲስ የሚበሳ አልነበረም። መኪናው በተረፈው ግማሽ እየተጠባበቀ ያልፋል። ጡሩምባ የሚነፋ ሾፌር ትዝ አይለኝም።

እናቴ የሞተች ቀን በዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። በእኛ ወግ ሴት ቀብር አትወጣም። ጀናዛዋን ወንዶቹ ተሸክመው ሲሄዱ ተነስቼ እስከ ድንኳኑ አፍ ተከተልኩና ቆምኩ። መቃብሯ ሲቆፈር አላየሁም፤ አፈሩ ሲመለስ አላየሁም። የእናቴ መጨረሻ ለእኔ ያ ድንኳን ነው፤ በሸራው ማዶ የጭነት መኪኖቹ ሞተራቸውን ቀንሰው ቀስ ብለው ሲያልፉ የሰማሁት ድምፅ ነው። ወንድሞቼ ሌላ መጨረሻ አላቸው። እኔ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ መንገዱ እንደ አዲስ ይሠራል ተባለ።

መንገዱን የጠላሁት እንዳይመስላችሁ። የተቦረቦረው አስፋልት የመኪናውንም የሰውንም ወገብ ይሰብር ነበር፤ በበጋ አቧራው በስፌት ማኪናዬ ጥርስ ውስጥ ገብቶ በሳምንት ሁለቴ ያስፈታኛል። ሰፊ ይሆናል፣ የእግረኛ መንገድ ይኖረዋል፣ ቦዩ ይሸፈናል ሲባል ደስ ብሎኛል። ነዋሪው ድርሻውን ያዋጣል ሲባልም አላጉረመረምኩም። ሱቅ ያለው በበሩ ስፋት ተተመነበት። በረንዳ ያለው በረንዳውን በራሱ ወጪ አፈረሰ፤ እኔም አባቴ ስልሳ ምናምን ዓመት የተቀመጠበትን በረንዳ በገዛ እጄ አስፈረስኩ። ገንዘብ ያጣ ድንጋይ ሰጠ፣ ድንጋይ ያጣ ጉልበት ሰጠ። የቤተ ክርስቲያን ዣንጥላና ጧፍ የምትሸጠው የግድግዳ ጎረቤቴ የአጥሯን ጥርብ ድንጋይ እስከ መጨረሻው አስጭና "በሉ እንግዲህ ሌባ ከመጣ መንገዱ ይጠብቀኝ" አለች።

ጠቡ የመጣው የመንገዱ ኮሚቴ ወደ እድራችን ሲመጣ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የእድሩም አባል ናቸው። እሑድ ጠዋት እድርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ብድግ ብለው፣ እድሩ ካጠራቀመው ገንዘብ ለመንገዱ እንዲሰጥ ጠየቁ። በሰፈራችን በኩል ያለው ድርሻ ስላልሞላ ነው። ከዚያም የመንገዱን ሥዕል ዘርግተው አሳዩን። ያምራል፤ ዛፍ አለው፣ መብራት አለው፣ ወንበር አለው።

ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየሁትና እጄን አወጣሁ።

"ጋሼ፣ ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?"

"ድንኳን አይተከልም፣ ልጄ። አስፋልት መብሳት ተከልክሏል። ለለቅሶ አዳራሽ ይዘጋጃል።"

አዳራሹ የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከእኛ ሰፈር በታክሲ የሚኬድ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከሥዕሉ አላነሳም። ምክንያቱ ገብቶኛል፤ ልማት ተቃወምክ እንዳይባል ፈርቶ ነው። እኔ ደሜ ፈላ።

"ይህ ገንዘብ የምንድን ነው?" አልኩ። "ልጅ ሊዳርበት ያዋጣ አለ? ቤት ሊሠራበት ያዋጣ አለ? ሲሞት እንዲለቀስለት ነው ሰው ከአፉ ቀንሶ ያስቀመጠው። ለመንገድ ይሰጥ ካላችሁ ይሰጥ፤ እኔም እጄን አወጣለሁ። ግን በለቅሶ ገንዘብ የተሠራ መንገድ ለቅሶ ያስቀምጣል። ድንኳን የሚያቆም ቦታ ካልተሠራልን አንዲት ብር አትወጣም።"

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። ተማሪ ሳለሁም ሲናደዱ መነጽራቸውን ነበር የሚያወልቁት። "አንቺ ልጅ፣ ከተማው ወደፊት ሲሄድ አንቺ ካስማ ይዘሽ ትጎትቺዋለሽ?"

"አዎ" አልኩ። "ካስማ መያዝ ሥራዬ ነው።"

ጎረቤቴ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ ሳቀች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን አወጡ፤ ወንዶቹ ሴቶቹን እያዩ አወጡ። እድሩ ገንዘቡን ሊሰጥ ወሰነ፤ የድንኳን ቦታ ከተሠራ።

ለአባቴ ነገርኩት። በዚያን ጊዜ ደረቱ ይዞት መሥራት አቁሞ ነበር፤ ከሱቁ በር ላይ በወንበር ተቀምጦ ነው የሚውለው። በረንዳው ስለፈረሰ እግሩ ከጠጠሩ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "እኔን አዳራሽ እንዳትወስጂኝ" አለኝ። "ሌላ አደራ የለኝም። ይህን ሰፈር ሙሉ በበሩ ላይ ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። እኔም በበሬ ላይ።"

ይህን ካለኝ በኋላ ለእኔ ነገሩ የእድር ብቻ አልሆነም። የአባቴን ትንፋሽ በየጠዋቱ እሰማለሁ፤ ጊዜ እንደሌለን አውቃለሁ። ንጣፉ ከእኛ በር ሳይደርስ ማስቆም አለብኝ።

መሐንዲሱ ወጣት ነበር፤ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ንጹሕ። ምሰሶው ብቻ የሚገባባቸው አሥራ ሁለት ቱቦዎች ከእግረኛው ንጣፍ ሥር ይቀበሩልን፣ ክዳን ይኑራቸው፣ ሰው ሲሞት ክዳኑን ከፍተን ምሰሶውን እናቆማለን፣ ካስማም አንመታም፣ አስፋልትም አንነካም ብዬ አስረዳሁት። ጥሩ አድርጎ ሰማኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ዲዛይኑ ላይ የለም፣ እትዬ።"

"ወንድሜ፣ እኛስ ዲዛይኑ ላይ አለን?"

"የእግረኛ መንገድ ይዘጋብኛል።"

"ለቅሶ ባለበት ሦስት ቀን በዚህ በኩል የሚሄድ እግረኛ ማን ነው? ወደ እኛ የሚመጣ ለቀስተኛ ነው። እሱ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል።"

ፈገግ አለ፤ ግን እሺ አላለም። የበላዮቹን መጠየቅ እንዳለበት ነገረኝ። የበላዮቹን እስኪጠይቅ ንጣፍ የሚያነጥፉት ሰዎች በቀን አንድ ሱቅ እየጨረሱ ወደ እኛ ይመጣሉ። ሦስት ሱቅ ሲቀራቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ የስፌት ማኪናዬን አስወጣሁና ጠጠሩ ላይ ተከልኩት። ትልቁን ድንኳን ከጓሮ አውጥቼ ከፊቴ ዘረጋሁ። የማስተካክለው ነገር አልነበረውም፤ የተሰፋውን ቀለበት እየፈታሁ መልሼ እሰፋ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ሠራተኞቹ ሻይ ጠጥተው ቀልደው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ትራፊክ መጣ። "ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ። "በረንዳዬ ላይ እየሰፋሁ ነው" አልኩት። "በረንዳ የታለ?" "እሱን ለመንገዱ ሰጠሁት፤ የቀረኝ ቦታው ነው።" ጭንቅላቱን እያከከ ሄደ። ሰብሳቢው በማዶ አለፉ፤ ሰላምታዬን አልመለሱም። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መርገጫውን ረገጥኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው በቁጣ መጥቶ ማኪናውን ቢገፋብኝ አለቅስ ነበር፤ ማልቀሴን እንዳያዩ ነው አንገቴን ደፍቼ የሰፋሁት።

በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ መጣ። አጠገቤ ቆመ፣ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ከዚያ እኔን ትቶ አባቴን አናገረው።

"አባባ፣ ቱቦው ውስጥ ውኃ ይገባል። ውኃ ከገባ ንጣፉን ያነሳብኛል። ይሄን ምን ላድርገው?"

አባቴ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ነበር የሚመስለው። ወገቡን አቀና። "ሥሩን አትድፈነው" አለው። "ሥሩን ክፍት ተወውና ጠጠር አድርግበት፤ ውኃው ወርዶ ይሄዳል። ከክዳኑ ሥር ደግሞ ሰም የጠጣ ሸራ በክብ እቆርጥልሃለሁ። አያፈስም። የእኔ ነገር አያፈስም።"

መሐንዲሱ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈ። የበላዮቹ የጠየቁትን ማመልከቻ አምጡ አለን፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ እንዲፈርሙበትም ጠየቀ። ማመልከቻውን ይዤ ሰብሳቢው ቤት ሄድኩ። ቆሜ እያለሁ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለት የፊደል ስህተት አርመውልኝ ፈረሙ። "ይህን የምፈርመው ድርሻው እንዲሞላ ነው እንጂ አምኜበት አይደለም" አሉኝ። "እንዲያምኑበት ሳይሆን እንዲፈርሙበት ነው የመጣሁት፣ ጋሼ" ብዬ እጅ ነስቼ ወጣሁ። እድሩም ቃሉን ጠበቀ፤ የሰፈራችን ድርሻ በዚያው ሳምንት ሞላ።

ቱቦውን የተከለው ከዳባት በላይ ካለው ደጋ የመጣ ፎርማን ነው። ረጅም ሰው፣ ከሩቅ የሚታይ። በዚያን ዕለት የአባቴ ደረት ብሶበት ስለነበር መድኃኒት ልገዛ ሄጄ ነበር። ፎርማኑ ወደ አባቴ መጥቶ "አያ፣ በቱቦና በቱቦ መካከል ስንት ይሁን?" ሲለው አባቴ "ሰባት ክንድ" አለው። ፎርማኑ "ሸጋ" ብሎ ሄደ። ሜትር ማውጣት የሚባል ነገር ለሁለቱም አልታሰባቸውም። ሁለቱም በክንድ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔም ስመለስ ሲሚንቶው ጠጥቶ፣ ቱቦዎቹ ቀጥ ብለው በሁለት ረድፍ ተሰልፈው አየሁና እንባዬ መጣ። መለካት ትዝ አላለኝም።

ንጣፉ አልቆ መንገዱ ከመከፈቱ በፊት እድርተኛው ድንኳኑን ለሙከራ እናቁም አለ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። መሐንዲሱም፣ ሰብሳቢውም መጡ። ክዳኖቹን ከፈትን፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሰሶዎች ቱቦው ውስጥ ጥርቅም ብለው ቆሙ፤ ሰው አጨበጨበ። ሁለተኛዎቹን ስናቆም ሸራው ተወጠረ። ሦስተኛዎቹ ላይ ቀለበቱ ምሰሶው ጫፍ አልደርስ አለ። ጎተትን። በዚያ በኩል ሲደርስ በዚህ በኩል ይለቃል። ድንኳኑ ከቱቦዎቹ አጠረ፤ እስከ ዳር ሲታይ የሚጎድለው ስምንት ክንድ ያህል ነው።

ዞሬ ፎርማኑን አየሁት። "ስንት ነበር የተባልከው?"

"ምነው እትዬ! ሰባት ክንድ ተባልሁ፣ ሰባት ክንድ ለካሁ። ይኸውላችሁ!" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ወደ ላይ አቆመ። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ የእሱን አቆመ። የአባቴ የመሃል ጣት ከፎርማኑ መዳፍ አላለፈችም።

መጀመሪያ የሳቀው ያ የአዲ አርቃዩ ሾፌር ነው፤ ሸራ ሊያሰፋ መጥቶ ቆሞ ነበር። ከዚያ መንገዱ ሙሉ ሰው ሳቀ። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያች ክንድ ስቄ፣ የምትፈለግበት ቀን የረሳኋት እኔ ነኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰብሳቢው ይህችን ሰዓት ሲጠብቁ ነበር። "አየሽ፣ ልጄ?" አሉ። "አሁን ይህ በሲሚንቶ ይሞላና ይለቅ።" መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ፤ ንጣፉን አፍርሶ እንደገና መቅበር እንደማይፈቀድለት፣ መድፈን ግን እንደሚችል ተናገረ። ሠራተኞቹ ሲሚንቶ ሊያመጡ ነበር።

አንደኛው ቱቦ ላይ ሄጄ ቆምኩ። "የምትደፍኑት በእግሬ ላይ ነው" አልኩ።

አባቴ በወንበሩ ሆኖ በበትሩ ንጣፉን መታ። "መንገዱን አትንኩት" አለ። "በትክክል ነው የተሠራው። ያጠረው ድንኳኑ ነው፤ ድንኳን ማስፋት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ሸራ አምጡልኝ።"

ሸራ ከየት ይምጣ? ሰፈሩ ያለውን ሁሉ ለመንገዱ አዋጥቷል። መጀመሪያ የሰጠው የአዲ አርቃዩ ሾፌር ነው፤ አረንጓዴውን የጭነት ሸራውን ከመኪናው ላይ አወረደና "በአንቱ ክንድ ሳይሆን በዚህ ሰውዬ ክንድ ይለካልኝ" ብሎ ፎርማኑን ጠቆመ። ጎረቤቴ ለንግሥ ያስቀመጠችውን የዝናብ መከለያ አመጣች። እኔ ከሱቄ ቀሪውን ቆረጥኩ። በምሰሶና በምሰሶ መካከል አምስት ክፍተት አለ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ማስፊያ ቁራጭ ያስፈልጋል። አራቱን እኔ ሰፋሁ። አምስተኛውን ላነሳ ስል አባቴ እጄን ያዘ።

"ይህን እኔ።"

ማኪናው ላይ እስኪቀመጥ ሁለት ጊዜ አረፈ። እግሩ መርገጫውን ይስታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስፌቱ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ስፌት እኔ በአሥር ዓመቴ ሰፍቼ ቢሆን በጥፊ ነበር የሚለኝ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀበት። ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰና "አየሽ፣ አያፈስም" አለኝ። "አያፈስም" አልኩት። በልቤ ግን ሲተኛ ፈትቼ እንደገና እሰፋዋለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሳልፈታው ቀረሁ።

መንገዱ ተከፈተ። አማረ፤ ማማሩን አልክድም።

አባቴ በሐምሌ ሞተ፤ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ ላይ፣ በሱቁ በር ላይ ባለችው ወንበሩ። እኔ ጮኼ ሳልጨርስ ጎረቤቴ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገቤ ፈታ ወሰደች። እድርተኛው ደረሰ፤ አሥራ ሁለቱ ክዳኖች ተከፈቱ፤ አሥራ ሁለቱ ምሰሶዎች ገቡ። ካስማ የመታ የለም፣ መዶሻ የጮኸ የለም። አምስት ዓይነት ቀለም ያለው ድንኳን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ በራችን ላይ ቆመ።

አንድ ደንብ አስከባሪ መጣ። አዲስ ነው፣ አያውቅም፤ በእግረኛ መንገድ ላይ ድንኳን ክልክል ነው አለ። ልነሳ ስል ሰብሳቢው ቀድመውኝ ተነሱ። መነጽራቸውን አወለቁ። "ወደ ታች እይ" አሉት። "ቱቦውን አየኸው? ከፍለንበታል። እኔ ነኝ የፈረምኩበት።" ሰውየው ቱቦውን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮፍያውን አውልቆ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ጀናዛው ሲወጣ እንደ እናቴ ጊዜ እስከ ድንኳኑ አፍ ተከትዬ ቆምኩ። ወንዶቹ በአዲሱ መንገድ ሄዱ። የጭነት መኪኖቹ ሞተራቸውን ቀንሰው ቀስ ብለው አለፉ። አራት መስመር ሙሉ ባዶ አስፋልት እያለላቸው ቀስ ብለው አለፉ። ተመልሼ ከአምስተኛው ማስፊያ ሥር ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ሸራው ላይ ሲወርድ የሰው ለቅሶ አያሰማም። ውኃው ጠማማው ስፌት ላይ ተጠራቀመና ትከሻዬ ላይ ጠብ አለ። ቆይቶ ደግሞ ጠብ አለ። የአባቴ ድንኳን ሲያፈስ ሳይ በሕይወቴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

"እህቴ፣ ወዲህ ጠጋ በይ፤ እያንጠባጠበብሽ ነው" አለች ጎረቤቴ እጄን ይዛ።

"አልጠጋም" አልኳት።

ሦስቱንም ቀን ከዚያ ቦታ አልተነሳሁም። ከዚያ ወዲህ እድሩ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ላይ ስፌቱን አስተካክይው ብሎኛል፤ መርፌውም ክሩም እጄ ላይ ነው፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አላስተካክለውም።